በወረርሽኝ ዘመን የጥርስ ሕክምና ሥርዓት
በወረታና በፎገራ ሜዳ ለሚያገለግሉ ባለሙያዎች የተዘጋጀ መመሪያ

የሰው አፍ የእህልና የውሃ መግቢያ፣ የቃልና የጸሎት መውጫ፣ ደግሞም የእስትንፋስ በር በመሆኑ፣ ከትንፋሽ ጋር የሚተላለፍ ደዌ በአገር ላይ በወረደ ጊዜ፣ ፊቱን ወደ ሕመምተኛው ፊት አቅርቦ፣ እጁን በምራቅና በደም መካከል አግብቶ የሚሠራው የጥርስ ሐኪም ከብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ ይልቅ ለአደጋ የቀረበ ነው። አደጋውም በእርሱ ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ ጥንቃቄው ከጐደለ ከአንዱ ሕመምተኛ የተቀበለውን ደዌ በዚያው ወንበር ላይ ለሚቀመጠው ለሁለተኛው፣ በሁለተኛውም አማካይነት ለቤተ ሰብና ለመንደር ያስተላልፋል።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን፣ ባሕር ዳር፣ ጢስ ዓባይ፣ አዲስ ቅዳምና እንጅባራ ለ14 ቀን መግቢያና መውጫቸው ተዘጋ። ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ወረታ ደግሞ ወደ ጎንደርና ወደ መተማ የሚያልፈው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚሄደው የሚለይባት መገናኛ ናትና፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ከቆላ የሚመለሰው የቀን ሠራተኛ፣ የሩዝ ነጋዴውና ከርብና ከጉማራ ወንዞች ዳር የሚመጣው ገበሬ ሁሉ በእርሷ ይገናኛሉ። እንዲህ ባለ የመንገድ አንጓ ላይ ያለ የጥርስ ክፍል፣ ትንሽም ቢሆን፣ ደዌ የሚገታበት ወይም የሚዛመትበት ቦታ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚያስቡት በሩን ዘግቶ መቈየትን ነው። ነገር ግን የጥርስ ሕመም ወረርሽኝ እስኪያልፍ አይታገሥም፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣው ሰው የሕክምናው በር ተዘግቶ ቢያገኘው በመንደሩ ጥርስ ነቃይ ወዳለበት ይሄዳል፤ በዚያም በሙቀት ያልነጻ ጉጠት ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዐቢይ ሐሳብ አንድ ነው፦ በሩ ክፍት ይሁን፣ ከበሩ ጀምሮ እስከ ዕቃ ማጠቢያው ድረስ ግን ሥርዓት ይኑር። ውድ መሣሪያ ቢገኝ መልካም ነው፤ ሥርዓት ከሌለ ግን ውዱም መሣሪያ አያድንም፤ ሥርዓት ካለ በጥቂት ዕቃም ብዙ ነፍስ ይጠበቃል። ቀጥለው የተጻፉትን ስምንት ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ይፈጽሙ፤ አንዱ የሌላው መሠረት ነውና አይዝለሉ።

አንደኛ፦ ዛሬ የሚታከመውንና የሚቈየውን መለየት

የዓለም ጤና ድርጅት ሐምሌ 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ደዌው በሕዝብ መካከል በሰፊው በሚዛመትበት ወራት አስቸኳይ ያልሆነ የጥርስ ሕክምና እንዲዘገይ መክሯል። ምክሩ የሚጠቅመው ግን «አስቸኳይ» የተባለው ነገር አስቀድሞ ተለይቶ ሲጻፍ ነው፤ አለዚያ በበሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ወይም የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ በራሱ ግምት እንዲፈርድ ይገደዳል። ስለዚህ ሕመምተኞችን በሦስት ወገን ከፍለው በትልልቅ ፊደል ጽፈው ይለጥፉ።

በመጀመሪያው ወገን ያሉት ለአንዲት ሰዓት እንኳ የማይቈዩ ናቸው፦ ከመንጋጋ በታች ወይም ወደ አንገትና ወደ ዓይን የሚስፋፋ እብጠት፣ አፍ መክፈትና ምራቅ መዋጥ መከልከል፣ የማይቆም ደም፣ በአደጋ የተሰበረ መንጋጋ። ከእነዚህ መካከል ትንፋሽን የሚያጣብበው እብጠት የሞት ምልክት ነውና፣ በወንበር አስቀምጠው ጊዜ ሳያባክኑ ቀድመው ስልክ ደውለው ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ይላኩ። በሁለተኛው ወገን ያሉት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው፦ እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም፣ መግል የቋጠረ ድድ፣ ምላስን ወይም ጉንጭን የሚቈርጥ ስባሪ ጥርስ። በሦስተኛው ወገን ያሉት ጥርስ ማሳጠብ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማስተከል፣ ጥርስ ማስተካከልና የማያም ቀዳዳ ማስሞላት የሚፈልጉት ሲሆኑ፣ እነርሱ ቀን ይቀጠርላቸው።

የተቀጠረው ሰው እንዳይረሳ ስሙን፣ ቀበሌውንና ስልኩን በመዝገብ ይጻፉ፤ ዛሬ የማያመው ቀዳዳ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሁለተኛው ወገን ይገባልና። ስልክ የሌለውን በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ይከታተሉ። እብጠትና ትኩሳት ለሌለው ሕመምተኛም ጊዜ ለማሳለፍ ሲባል ብቻ አንቲባዮቲክ አይዘዙ፤ የሕመሙ ምንጭ ከጥርሱ ካልተወገደ መድኃኒቱ ተሐዋስያንን ከማለማመድ በቀር የሚያመጣው ፈውስ የለም።

ሁለተኛ፦ በበሩ ላይ መጠየቅና መለካት

ሕመምተኛው ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በውጭ፣ ከጠያቂው ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ ቆሞ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ ይጠየቅ። ነጠላ በአፍ ላይ መጣል የቆየ የጨዋነት ልማድ ቢሆንም የመሸፈኛውን ሥራ ሊተካ አይችልምና፣ ለሌላቸው የሚሰጥ መሸፈኛ ከበሩ አይጥፋ። ጥያቄውም በአክብሮት ይቅረብ፦ «እናቴ፣ ሰሞኑን ሳል ወይም ትኩሳት ነበረብዎት? ማሽተትና ማጣጣም ጠፍቶብዎታል? በቤትዎ የታመመ ሰው አለ? ባለፉት 14 ቀናት ከሩቅ አገር መጥተዋል?» ይህን ሁሉ በሰው መካከል ጮኾ መጠየቅ ሕመምተኛውን ያሳፍረዋል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ እውነቱን ይሰውራል።

የሰውነቱ ሙቀት 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በፎገራ ሜዳ ተጨማሪ ማስተዋል ያስፈልጋል። ይህ ሜዳ ክረምት በወጣ ጊዜ፣ በተለይም ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ የሚበረታበት ስለ ሆነ ትኩሳት ሁሉ የወረርሽኙ አይደለም፤ መግል የቋጠረ ጥርስም ራሱ ትኩሳት ያመጣል። ሆኖም «ወባ ነው» ብሎ በችኰላ መደምደምም ምን ያህል እንደሚያሳስት በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ የተነሣው የካላዛር ወረርሽኝ አስተምሯል፤ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ታይቶ ነበርና። ስለዚህ ትኩሳት ያለበትን ሰው አያባርሩት፤ ለብቻው በአየር ላይ አስቀምጠው የወባና የወረርሽኙን ምርመራ ያስደርጉ። ትኩሳቱ ከሰነበተ፣ ሰውነቱ ከከሳ፣ ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ፣ ጥርስ ከመንቀልዎ በፊት ወደ ሐኪም ይላኩት፤ ካላዛር ደም የሚያረጋውን ኀይል ያዳክማልና፣ በዚያ ላይ የተነቀለ ጥርስ የማይቆም ደም ያስከትላል።

የኮቪድ ምርመራው ደዌውን ካሳየ፣ ሕመሙም ሊቈይ የሚችል ከሆነ፣ ምልክቱ ከጀመረ ቢያንስ 10 ቀን፣ ከዚያም በላይ ሌላ 3 ቀን ያለ ምልክት እስኪሞላ ድረስ ይቀጠር። ሊቈይ የማይችል ከሆነ የዕለቱ የመጨረሻ ሕመምተኛ ይሁን፤ ሙሉ መከላከያ ለብሰውም ይታከም።

ሦስተኛ፦ ክፍሉንና አየሩን ማዘጋጀት

የማይታየው ጠላት የሚኖረው በአየር ነውና፣ መስኮት መክፈት ከርካሽ መድኃኒት ሁሉ የበለጠ ነው። በርና መስኮት ትይዩ ሆነው እንዲከፈቱ፣ ንጹሑ አየር በሐኪሙ በኩል ገብቶ በሕመምተኛው በኩል እንዲወጣ ወንበሩን ያዙሩ። የአየር ማራገቢያ ካለ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙረው አየሩን ወደ ውጭ የሚገፋ ያድርጉት፤ በሕመምተኛው ላይ አያንፍሱት። በወባ ወራት የተከፈተው መስኮት ትንኝ እንዳያስገባ ወንፊት ሽቦ ይምቱለት፤ ሽቦው ግን በአቧራ ተደፍኖ አየር እንዳይከለክል በየሳምንቱ ይጠረግ።

ጭጋግ የሚያስነሣ ሥራ፣ ማለትም በፍጥነት በሚሽከረከር መሰርሰሪያ ወይም በሞገድ በሚሠራ የጥርስ ማጠቢያ የሚከናወን ሥራ ከተፈጸመ በኋላ፣ ክፍሉ ባዶውን ይቈይ። የክፍሉ አየር በሰዓት 6 ጊዜ የሚለወጥ ከሆነ፣ ከተንሳፈፈው ከመቶ 99 እጁ እስኪወጣ 46 ደቂቃ፣ 12 ጊዜ የሚለወጥ ከሆነ 23 ደቂቃ ያስፈልጋል። መለኪያ በሌለበት ክፍል ረጅሙን ጊዜ መያዝ ይገባል።

ከሥራው ክፍል አላስፈላጊውን ሁሉ ያውጡ፤ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ የወረቀት ክምርና የግድግዳ ጌጥ ምራቅ ይቀበላሉ እንጂ አይታጠቡም። ለዚያ ሕመምተኛ ብቻ የሚያስፈልገው መሣሪያ አስቀድሞ በሳህን ይቅረብ፤ በእርጥብ ጓንት መሳቢያ መክፈት ያን መሳቢያ የደዌ ጎተራ ያደርገዋል። ተራ ጠባቂዎችም በጠባብ ኮሪደር አይታጎሩ፤ በበጋ በዛፍ ጥላ፣ በክረምት በዳስ ወይም በበረንዳ፣ ተራርቀው ይቀመጡ፤ አስታማሚም ከአንድ በላይ አይግባ።

አራተኛ፦ እጅንና ልብስን በሥርዓት መያዝ

እጅ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ሲታጠብ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ፣ በአልኮል ሲታሽ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይፈልጋል። አልኮሉ ከገበያ በጠፋ ጊዜ፣ በሰለጠነ የፋርማሲ ባለሙያ እጅ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ቀመር ሊሠራ ይችላል፦ 96 ከመቶ የሆነ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 ከመቶ የሆነ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ ግሊሰሪን 145 ሚሊ ሊትር፣ የቀረውን ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጨምሮ 10 ሊትር መሙላት። አልኮል እሳት ይስባልና ከምድጃ ይራቅ።

ሲለብሱ በዚህ ተራ ይልበሱ፦ እጅ መታጠብ፣ ጋውን፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ መነጽር ወይም የፊት መከለያ፣ በመጨረሻ ጓንት። ጭጋግ ለሚያስነሣው ሥራ መሸፈኛው ኤን-95 ይሁን፤ ካጠለቁትም በኋላ በሁለት እጅ ሸፍነው አጥብቀው ሲተነፍሱ በጠርዙ አየር አለማምለጡን ያረጋግጡ፤ ጺም ካለ በትክክል አይገጥምም። ሲያወልቁ የበለጠ ይጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው የሚበከለው ሥራው ካለቀ በኋላ በድካምና በችኰላ ሲያወልቅ ነው። ጓንቱን አውልቀው እጅዎን ያንጹ፤ ጋውኑን ከውስጥ ወደ ውጭ ገልብጠው አውልቀው እንደ ገና እጅዎን ያንጹ፤ ከዚያ መነጽሩን፣ በመጨረሻም መሸፈኛውን በማሰሪያው ይዘው ያውልቁ፤ ፊቱን አይንኩ፤ ደግመውም እጅዎን ይታጠቡ። ጓንት ለአንድ ሰው ነው፤ በጓንት ላይ በረኪና ቀብቶ ለሁለተኛው ሕመምተኛ መጠቀም ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

አምስተኛ፦ በወንበሩ ላይ የሚፈጸመው ሥራ

ሕመምተኛው ከተቀመጠ በኋላ ለ20 ሴኮንድ ይጕመጥመጥ። 3 ከመቶ የሆነውን ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ በአንድ እጅ ሁለት እጅ ውሃ ጨምረው 1 ከመቶ ያድርጉት፤ ወይም 10 ከመቶ የሆነውን ፖቪዶን አዮዲን በአንድ እጅ 49 እጅ ውሃ ጨምረው 0.2 ከመቶ ያድርጉት። አዮዲኑን እንቅርት ላለበት፣ ለነፍሰ ጡርና አዮዲን ለማይስማማው ሰው አይስጡ። መጕመጥመጡም የቀረውን ጥንቃቄ አይተካም።

በዚህ ላይ የአገሩን ምግባር ማወቅ ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ምእመን ምንም ነገር ወደ አፉ እንዲገባ አይወድም፤ ባዶ ሆድ ላይ ማደንዘዣ ተወግቶ ጥርስ የሚነቀልበትም ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ሊቈይ የሚችለውን ከቀመሰ በኋላ እንዲመጣ ይቅጠሩት፤ ሊቈይ የማይችለውን ውሃው ተጕመጥምጦ እንደሚተፋ በትሕትና ያስረዱት፤ ከወደደም የንስሐ አባቱን እንዲጠይቅ ይምከሩት። የአንገት ማዕተቡንም በደረት መሸፈኛው ሥር ይሸፍኑት እንጂ እንዲበጥሰው አይጠይቁ።

ከዚያ በኋላ የሚመረጠው ጭጋግ የማያስነሣው መንገድ ነው። ጥርስን በጉጠት መንቀል፣ ድድን በእጅ መፋቂያ ማጽዳት፣ የበሰበሰውን የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ጠርጎ በግላስ አዮኖመር መሙላት ያለ መሰርሰሪያ ይፈጸማሉ። ይህ የመጨረሻው ዘዴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ፣ መብራትና ማሽን በሌለበት ገጠር ተጀምሮ ወደ ዓለም የተዛመተ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. ግላስ አዮኖመርንና የጥርስን መበስበስ የሚገታውን ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። እንግዲህ መብራት በሚጠፋበት ከተማ በእጅ መሥራት የድህነት ምልክት ሆኖ ሊታይ አይገባውም፤ በወረርሽኝ ጊዜ የተሻለው ጥበብ እርሱ ነው።

መሰርሰሪያ የግድ ከሆነ ጥርሱን በላስቲክ ከቀረው አፍ ይለዩ፤ ረዳትዎ ኀይለኛ መምጠጫ ከአፍ አጠገብ ትያዝ፤ አየርና ውሃ አንድ ላይ የሚረጨውን አይጠቀሙ። ጠዋት ሥራ ሲጀመር የወንበሩን የውሃ መስመር ለ2 ደቂቃ፣ በየሕመምተኛው መካከል ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ያፍስሱ። የማደንዘዣ ካርትሪጅ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የተረፈው ጠብታ ለሌላው አይወጋም። ሕመምተኛውም በጋራ መትፊያ ከሚተፋ ይልቅ በመምጠጫ ወይም ለብቻው በተሰጠው ኩባያ ይትፋ።

ስድስተኛ፦ መሣሪያን ማንጻት

በዚህ ደረጃ የሚፈጸም ስሕተት ከወረርሽኙም በፊት የነበረ፣ ከእርሱም በኋላ የሚቀጥል ነውና ትጋትዎን ሁሉ እዚህ ያኑሩ። በብዙ የጤና ተቋማት መሣሪያን ከማጠብ በፊት በበረኪና መዘፍዘፍ የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህ እንዳይደረግ መክሯል፤ በረኪናው ብረቱን ይበላል፣ በደምና በምራቅም ኀይሉ ይደክማል፣ ሠራተኛውም ነጽቷል ብሎ ያለ ጥንቃቄ እንዲነካው ያደፋፍረዋል። ስለዚህ ሥራው እንዳበቃ መሣሪያው እንዳይደርቅ በሳሙና ውሃ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን፤ ክዳን ባለው ዕቃ ወደ ማጠቢያው ይሂድ፤ በዚያም ወፍራም ጓንትና የፊት መከለያ ያደረገ ሰው መሣሪያውን በውሃው ውስጥ አጥልቆ በብሩሽ ይፈትገው። ከውሃው በላይ መፈተግ ምራቁን መልሶ ወደ አየር ይረጨዋል። ከዚያ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ በብርሃን ይታይ፤ ቅንጣት እድፍ የቀረበት መሣሪያ በእንፋሎትም አይነጻም።

የመጨረሻው ማንጻት የሚፈጸመው በአውቶክላቭ ነው፦ በ121 ዲግሪ፣ ላልተጠቀለለ መሣሪያ 20 ደቂቃ፣ ለተጠቀለለ 30 ደቂቃ፤ ሰዓቱም መቈጠር የሚጀምረው ሙቀቱ ከደረሰ በኋላ ነው። እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ልብ ሊባል ይገባዋል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ መሣሪያን በተራ ድስት መቀቀል፣ በባሕር ዳርቻ ባለ አገር እንኳ ፍጹም የማያነጻ፣ በፎገራ ይልቁን የሚያንስ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በከሰል ወይም በቡታጋዝ ምድጃ ላይ የሚጣደው አውቶክላቭ በግፊት መለኪያው ብቻ ከተመራ የሚያሳስት መሆኑ ነው፤ በባሕር ወለል 121 ዲግሪ የሚያስገኘው 15 ፓውንድ ግፊት በወረታ ከፍታ አይበቃምና፣ ወደ 18 ፓውንድ ያህል መድረስ ይኖርበታል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ያለውን አውቶክላቭ ይምረጡ፤ ሙቀቱን እንጂ ግፊቱን ብቻ አይመልከቱ፤ ዕቃው ከሚችለው ግፊት በላይ ግን ፈጽሞ አያስገድዱት። የእንፋሎት መውጫ ቫልቩንም ከመዝጋትዎ በፊት በውስጡ ያለው አየር በእንፋሎት ተገፍቶ ይውጣ።

መሰርሰሪያውም ከነእጀታው በእያንዳንዱ ሰው መካከል በአውቶክላቭ ይነጻል፤ በአልኮል መጥረግ አይበቃውም። ቀለሙን የሚለውጠው የምልክት ፕላስተር ጥቅሉ ሙቀት ማየቱን እንጂ መንጻቱን አይመሰክርምና፣ አቅሙ ባለበት ሁሉ በሳምንት አንድ ጊዜ በስፖር ምርመራ ይረጋገጥ። መብራት ለሚጠፋበት ቀንም ቢያንስ ለአንድ ቀን ሥራ የሚበቃ የነጻ ጕጠትና መስተዋት ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ የነጻ መሣሪያ ካለቀ የዕለቱ ሥራ እንደ ተፈጸመ ይቈጠር።

ሰባተኛ፦ ወንበሩን፣ ወለሉንና ቆሻሻውን ማጽዳት

በገበያ የሚገኘው በረኪና 5 ከመቶ ከሆነ፣ ለወንበር፣ ለመብራቱ እጀታና ለጠረጴዛ በአንድ እጅ 49 እጅ ውሃ ጨምረው 0.1 ከመቶ ያድርጉት፤ ደም በብዛት ለፈሰሰበት ቦታ በአንድ እጅ 9 እጅ ውሃ ጨምረው 0.5 ከመቶ ያድርጉት። የጠርሙሱን ጽሕፈት ሳያነቡ አይቀላቅሉ። መጀመሪያ በሳሙና ይጠረጋል፣ ከዚያ በረኪናው ይቀባል፣ ቢያንስም ለአንድ ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቈያል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ውሃው ይደፈርሳል፤ የደፈረሰ ውሃ የበረኪናን ኀይል ይውጣልና፣ ለመቀላቀያው የጠለለና የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ። በረኪናው በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፤ ከፀሐይም ይሰወር። በሰው ልብስና አካል ላይ በረኪና መርጨት፣ በኮቪድ የጭንቅ ወራት በብዙ ቦታ ቢታይም፣ ዓይንንና ሳንባን ከመጉዳት በቀር ጥቅም የለውም።

ደም የነካ ጥጥና ጓንት በቢጫው፣ ተራ ቆሻሻ በጥቁሩ ማጠራቀሚያ ይግባ፤ መርፌና ሹል ነገር ሁሉ ከሥራው ቦታ ሳይርቅ በሴፍቲ ቦክስ ይጣል፤ ሣጥኑ ከአራት እጅ ሦስት እጅ ሲሞላ ተዘግቶ ወደ ማቃጠያው ይላክ። በጎርፍ ወራት ከማቃጠያው ተርፎ ጉድጓድ ውስጥ የተጣለ መርፌ ተንሳፍፎ ወደ ሩዝ ማሳ እንዳይሄድ፣ ገበሬውም በባዶ እግሩ እንዳይረግጠው፣ ጉድጓዱ ከጎርፍ መውረጃ የራቀ፣ የታጠረና የተከደነ ይሁን።

ስምንተኛ፦ ሠራተኛውን መጠበቅና ሕዝቡን ማስተማር

ሐኪሙ፣ ረዳቷና የጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ማኅበር ናቸው። በደምቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የጤና መኮንንን፣ የኅብረተሰብ ነርስንና የአካባቢ ጤና ባለሙያን አንድ ላይ አሰልጥኖ በአንድነት ያሰማራው፣ ደዌ በአንድ ሰው ብልሃት እንደማይገታ አውቆ ነው። ስለዚህ ይህን ሥርዓት ለሐኪሙ ብቻ አያስተምሩ፤ ወለል የምትጠርገዋ እኅት ጓንትና ጫማ እንደ ሐኪሙ ይሰጣት፣ ስለ ምን እንደምትጠነቀቅም በሚገባት ቃል ይነገራት።

ሠራተኛ ሁሉ የወረርሽኙን ክትባት፣ ደግሞም የሄፓታይተስ ቢን ክትባት በመጀመሪያው ቀን፣ በአንድ ወርና በስድስት ወር ሦስት ጊዜ ይውሰድ። መርፌን በሁለት እጅ መልሶ መክደን ይቅር፤ የግድ ከሆነ ክዳኑ በሳህን ላይ ተኝቶ በአንድ እጅ ይታፈስ። የተወጋ ሰው ቦታውን በሳሙናና በውሃ ይጠበው እንጂ አይጭመቀው፤ የኤች አይ ቪ መከላከያውንም በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ ይጀምር። ትኩሳትና ሳል የያዘው ሠራተኛ ቤቱ ይቀመጥ፤ ደመወዜ ይቈረጥብኛል ብሎ ሕመሙን እንዳይሰውርም አለቃው አስቀድሞ ቃል ይግባለት።

ለሕዝቡም በእድር፣ በገበያ ቀንና ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ይነገር፦ የጥርስ ክፍሉ ክፍት መሆኑ፣ አስቸኳይ የሆነው ሕመም የትኛው እንደ ሆነ፣ በልማድ ግግ ማስወጣትና እንጥል ማስቆረጥ ሕፃናትን ለደምና ለደዌ አሳልፎ የሚሰጥ መሆኑ፣ መፋቂያና የጥርስ ብሩሽ ከሰው ጋር የማይዋዋሱት መሆኑ።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19ን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ቢያነሣም፣ የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ፣ ሄፓታይተስ ቢ በደም መተላለፋቸውን አላቆሙም፤ ሌላ ወረርሽኝም ቀኑን አስታውቆ አይመጣም። ስለዚህ እነዚህን ስምንት ደረጃዎች በአንድ ገጽ ጽፈው ከማጠቢያው በላይ ይለጥፉ፤ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከመግባቱ በፊት፣ ከሠራተኛዎ ጋር አንዱን ደረጃ መርጣችሁ በተግባር ፈጽማችሁ እርስ በርስ ተራረሙ፤ የጐደለውን ዕቃ በዚያው ዕለት በጽሑፍ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፤ የተጻፈውንም ቅጂ ይዘው እስኪሟላ ድረስ ደጋግመው ይጠይቁ።